ከበሩ እስከ ክርስትና ቤቱ

የእግር ስፌት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጉልበቴ በራሱ ጊዜ መርገጥ ይጀምራል። ሰው ፊት ብሆን፣ ስብሰባ ላይ ብሆን፣ ካፌ ተቀምጬ ከመንገዱ ማዶ ካለ ልብስ ሰፊ ያ «ግርርር... ግርር» የሚለው ነገር ብቻ ይምጣ፣ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ተነሥቶ ይሠራል፤ ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረሽ» ብሎ እጁን ጉልበቴ ላይ ያሳርፍና ያስቆመዋል፣ እጁን ሲያነሣ ይቀጥላል። ምን ላድርግ? እኔ ያደግኩት በዚያ ድምፅ ውስጥ ነው።

አባዬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። መኪናዋ መንገዱን በምታየው የፊተኛዋ ክፍላችን መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ እሱ ፊቱን ለመንገዱ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ከጧት እስከ ማታ ይረግጣት ነበር። እኔና እማዬ የሆዱን የምናውቀው ፊቱን አይተን ሳይሆን እግሩን ሰምተን ነው፤ ደስ ሲለው ረጋ ብሎ ይነዳታል፣ ሲናደድ ቁርጥ ቁርጥ ያደርጋታል፣ ሲጨነቅ ደግሞ ጨርቅ ሳያስገባ ባዶዋን ይረግጣት ነበር። እኔ በበኩሌ ቀዥቃዣ ነበርኩ። ስሜ ስመኝ ነው፣ ግን በስሜ የሚጠራኝ አስተማሪዬ ብቻ ነበር፤ የቀረው ሰው «ያቺ ቀዥቃዣ» ካለ ማንን እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ቁጭ በይ ሲሉኝ የምነሣ፣ ተኚ ሲሉኝ ጣሪያው ላይ ያለውን የቆርቆሮ መስመር የምቆጥር፣ ለአንድ ሳሙና ተልኬ ሦስት ጊዜ የምመላለስ ልጅ ነበርኩ። እማዬ «አንቺን ስወልድ እትብትሽን ከንፋስ ጋር ነው መሰለኝ የቀበሩት» ትለኝ ነበር።

አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት፣ ነሐሴ ገብቶ፣ የማርቆስ ዝናብ መንገዱን ጭቃ ሰማዩን ጉም አድርጎት፣ እኛ ልጆች ፍልሰታን እየጾምን፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ነጠላችን ከነጭነቱ ወደ ቡናማ እየተለወጠ፣ ማን እስከ ስንት ሰዓት እንደጾመ እየተፎካከርን እንከርም ነበር። አባዬ የተማሪ ዩኒፎርም ተቆልሎበት ቀና ብሎ አያይም። እማዬ አምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ ስትሳል፣ ስትጠብቅ፣ ሰው «ምነው በአንድ ልጅ ቆምሽ?» ሲላት «እሷ የአምስት ልጅ ሥራ ትሰጠኛለች» ብላ ወደ እኔ ስትጠቁም ከርማ፣ በመጨረሻ ስታረግዝ ደስታው ቤታችን አልበቃው ብሎ ነበር። እኔማ የማዝዛት እህት ስለምትመጣልኝ ከወዲሁ ሥራ አከፋፍዬ ጨርሻለሁ።

ሐኪም ቤት የሄድነው እኔና እሷ ነን፤ እኔ የሄድኩት ጃንጥላ ለመያዝ ነው። አልትራሳውንድ ክፍሉ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝና ረሱኝ። ወጣቱ ሐኪም እማዬ ሆድ ላይ ያን ነገር እያንሸራተተ መጀመሪያ ያወራ ነበር፣ ከዚያ ሌላ ሐኪም ጠራ፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። «ባለቤትዎ ቅርብ ናቸው?» ሲል እኔ ማንም ሳይልከኝ ተነሥቼ በዝናብ ሮጬ አባዬን አመጣሁት፤ መርፌው ከነክሩ ኮቱ ክሳድ ላይ እንደተሰካ ነው የመጣው።

«የጭንቅላቷ አጥንት ከላይ በኩል አልተሠራም» አለ ሐኪሙ፣ ቀስ ብሎ፣ ወለሉን እያየ። «አንጎሏም አላደገም። እውነቱን ለመናገር በሕክምና የሚስተካከል አይደለም። ሆድዎ ውስጥ እስካለች ትኖራለች። ከተወለደች በኋላ ግን ሰዓታት፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን ነው።» ከፈለጋችሁ ማቋረጥም ይቻላል፣ ሕጉ ይፈቅዳል፣ ማንም አይፈርድባችሁም አላቸው። አባዬ ኮቱ ላይ ያለውን ክር በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። እማዬ «አሁን ትንቀሳቀሳለች?» አለችው።

«አዎ፣ ትንቀሳቀሳለች።»

«እንግዲያው ትንቀሳቀስ» አለችና ቀሚሷን ዝቅ አድርጋ ተነሣች። ጃንጥላውን ረስተነው ወጣን፣ እየዘነበብን ቤት ደረስን፣ አባዬም እርጥብ ኮቱን ሳያወልቅ ሄዶ ባዶዋን መኪና ይረግጥ ጀመር። ያን ቀን ከሰዓት የተሰማው ድምፅ ነው እስከ ዛሬ እግሬ ውስጥ ያለው።

ወሬው ቁይ ከተማ ደርሶ ኖሮ በሳምንቱ የአባዬ ታላቅ እህት እትዬ ትዋበች መጣች። እትዬ ትዋበች ደረቅ፣ ረጅም፣ በአንድ ዓይኗ ገበያውን በሌላው ሰውን የምትመዝን ሴት ናት፤ ገብታ ሳትቀመጥ፣ ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ እየጠረገች፣ «ልብስ እንዳትሰፋላት፣ ስምም እንዳታወጡላት። ለምትሄድ ልጅ አይዘጋጅም፤ ልባችሁን ነው የምታቆስሉት» አለች። ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ አድርጋ ጨመረች፦ «ሴት ናት አይደል ያሏችሁ? ሰማንያ ቀን እኮ ነው። ከየት ይመጣል ሰማንያ ቀን?»

ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሣ የማያውቅ ልጅ ማርቆስ ውስጥ የለም፤ እኔም አውቅ ነበር፣ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቁጥሮቹን አጋጥሜያቸው አላውቅም ነበር። «እና ሳትጠመቅ ብትሞትስ?» አልኳት። እትዬ ትዋበች ፊቷ እንደ ጨርቅ ነጥቶ «ዝም በይ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ እኔም ጠላኋት፣ በደንብ አድርጌ ጠላኋት። አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሳትጠመቅ የምትሞት ልጅ ፍትሐት እንደማይደረግላት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዳር፣ ከአጥሩ ሥር እንደምትቀበር ከልጆች ሰምቻለሁ።

አባዬ የልብስ ቁልፍ የሚያጠራቅምበት የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረው። በማግስቱ ከእሱ ሰማንያ ቁልፍ ቆጥሬ አልጋዬ ላይ ደረደርኩ፤ የሸሚዝ፣ የኮት፣ የዩኒፎርም፣ ከአልጋው ጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ ሐኪሙ ያለውን ሦስት ቀን ሦስት ቁልፍ አድርጌ በጎን አስቀመጥኩና አየሁት። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሰብስቤ በአሮጌ ካልሲ ቋጠርኩና ትራሴ ሥር ደበቅኳቸው፤ አባዬ ለሁለት ወር «ቁልፎቼን ምን በላቸው? አይጥ ቁልፍ ትበላለች እንዴ?» እያለ ሲፈልግ እኔ አብሬው ከአልጋ ሥር እየገባሁ እፈልግ ነበር።

መስከረም ጠብቶ፣ ዝናቡ እየሳሳ፣ ሜዳው ቢጫ እየሆነ ሲሄድ እማዬ ቤት መቀመጥ አልችል አለች። ድሮ እኔን ቁጭ በይ የምትለው ሴትዮ አሁን እኔን ትብሳለች። ዛሬ እዚህ ጸበል፣ ነገ እዚያ ጸበል፣ አንድ ሰው «እዚያ ማዶ ያለው ገብርኤል ለእርጉዝ ፍቱን ነው» ካላት ሳይነጋ ተነሥታ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ እኔም ጀሪካን አንጠልጥዬ እከተላለሁ። አባዬ «ሰው በእግሩ ብዛት አይደለም እኮ ምሕረት የሚያገኘው» ሲላት «አንተስ ባዶዋን መኪና በምንድን ነው የምትረግጣት?» ትለዋለች።

በጥቅምት፣ የጽጌ ጾም ላይ፣ አውቶቡስ ቀያይረን መርጡለ ማርያም ሄድን። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሰደደችበት ወቅት ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ በሰው ተሞልቶ፣ ማሕሌቱ ቆሞ፣ አበባው በየእጁ ነበር። እማዬ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሥዕለ ማርያም ፊት ቆመችና ጸሎት ሳይሆን ወሬ የሚመስል ነገር ታወራት ጀመር፤ እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ ሁሉንም ሰማሁት። «አንቺ ልጅሽን ሊገድሉብሽ ሲመጡ ይዘሽው ሸሸሽ። ደግ አደረግሽ። የእኔን ልጅ የሚገድላት እዚሁ ከእሷው ጋር ነው፣ ወዴት ይዣት ልሽሽ? እስኪ ንገሪኝ፣ ወዴት ልሽሽ?» አጠገቧ ያለች ሴት ወደ እኛ ዞር አለች፤ እማዬ ግድ አልነበራትም፣ እየተቆጣች ነበር፣ ሰው ጎረቤቱን እንደሚቆጣ።

እኔም በበኩሌ «እመቤቴ፣ ወንድ አድርጊያት፣ ወንድ እኮ አርባ ቀን ነው» ብዬ ጸለይኩ። ከዚያ ሦስቱን ቁልፍ ከአርባው አጠገብ በሐሳቤ ሳስቀምጥ እሱም ሩቅ ሆነብኝ፣ «ይቅር፣ ተይው፣ ሴት ትሁን» ብዬ ጸሎቴን አነሣሁት፤ ከዚያ ደግሞ አንዴ የጠየቅኩትን መልሼ ስለሻርኩ ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ እየሮጥኩ ዞርኩት። ስንመለስ እማዬ አውቶቡሱ መስኮት ላይ ግንባሯን አስደግፋ «አልመለሰችልኝም» አለች። ደግሞ መልሳ «ተናግሬ እስክጨርስ ግን ሰምታኛለች» አለች። በሳምንቱ ሐኪሙ እንደገና አያት፤ ያው ነበር።

ኅዳር ላይ የገጠሩ ሰው ጤፉን እያጨደ፣ የከተማው ጎዳና ጭድ በተጫኑ አህዮች እየተጨናነቀ፣ የእማዬ ሆድ ከበሩ ቀድሟት ይወጣ ጀመር። ወሬውን የማያውቅ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላታል፣ የሚያውቅ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ የቱ እንደሚብስባት እንጃ። አንዷ ጎረቤታችን ልታጽናናት ብላ «እግዜር የሚሻልሽን ያውቃል» ስትላት «እኔም የሚሻለኝን አውቃለሁ። የሚሻለኝ ልጄ ናት» ብላ በሩን ዘጋችባት፣ ከዚያ ከፍታ ሮጣ ይቅርታ ጠየቀቻት። አባዬ ነጭ ጨርቅ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ነበር። ያወርደዋል፣ በእጁ ይዳብሰዋል፣ እትዬ ትዋበች ያለችው ትዝ ይለው ይሆን እንጃ፣ አጣጥፎ ይመልሰዋል፤ በቀን ሁለቴ ሦስቴ። እትዬ ትዋበችም ልታርሳት ብላ ጓዟን ጠቅልላ መጥታ ቤታችን ከርማለች፤ አባዬ ጨርቁን ባወረደ ቁጥር ሆን ብላ ትስልበታለች።

እኔ በዚያ ሁሉ መሐል ዝም ብዬ የተቀመጥኩ አይምሰላችሁ። ክርስትና ቤት የምንላት፣ ከሰፈራችን ማርያም ግቢ ውስጥ ሕፃናት የሚጠመቁባት፣ ጠባብ መስኮት ያላት ትንሽ ክብ ቤት አለች፤ እሑድ እሑድ ድንጋይ ላይ ቆሜ በመስኮቷ አጮልቄ ካህኑ ምን እንደሚያደርግ አጥንቻለሁ። ውኃ፣ መስቀል፣ ሦስት ጊዜ፣ በስመ አብ። ይህ ምን ያቅታል? ሰማንያ ቀን የሚቆጠረው ከተወለደች ወዲህ ነው እንጂ ሆድ ውስጥ እያለች ስለሚደረግ ነገር ማንም የተናገረ የለም። አንድ ቀን ከሰዓት፣ እትዬ ትዋበች ጓሮ ልብስ ስታሰጣ፣ እማዬ በጎኗ ተኝታ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ የጸበል ጠርሙሴን ይዤ ገባሁና ቀሚሷን ቀስ ብዬ ገልጬ «በስመ አብ» ብዬ ሆዷ ላይ አፈሰስኩት።

የኅዳር ጸበል እንዴት እንደሚቀዘቅዝ የነካው ያውቃል። እማዬ «ኡኡ!» ብላ ከአልጋው ዘለለች፣ አባዬ መቀሱን እንደያዘ፣ እትዬ ትዋበች እርጥብ አንሶላ እንደታቀፈች እየሮጡ መጡ። «ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ልጅ? ምን አባሽ ነክቶሽ ነው?»

«ክርስትና እያነሣኋት ነው!» አልኩና ያ ሁሉ ወር ያፈንኩት ነገር አንድ ላይ ወጣ። ካልሲውን ከትራሴ ሥር አምጥቼ ቁልፎቹን አልጋው ላይ ዘረገፍኳቸው፤ ሰማንያው ይኸውላችሁ፣ ሦስቱ ይኸውላችሁ፣ አጥር ሥር ሊቀብሯት ነው፣ እናንተ ደግሞ ዝም ብላችሁ ትቀመጣላችሁ እያልኩ ጮህኩ። አባዬ «ቁልፎቼ!» አለ፣ ሌላ ምን እንደሚል ጠፍቶት። እማዬ መሳቅ ጀመረች፤ ሆዷ እየተናጠ፣ ከላዩ ጸበሉ እየተንጠባጠበ፣ ሳቀች ሳቀችና ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ወደ ልቅሶ ሄደ። አቅፋ ስትይዘኝ «እኔም እኮ ይህንኑ ነው ስቆጥር የከረምኩት» አለችኝ፣ «አፌን ሞልቼ ለመጠየቅ ፈርቼ ነው። የለም ቢሉኝስ ብዬ።» ከዚያ ለአባዬ «ሂድ፣ ቄስ ሞገስን ጥራልኝ። አሁኑኑ» አለችው።

ቄስ ሞገስ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ሲናገሩ ጢማቸውን የሚጎትቱ ሰው። ገብተው አሳልመውን ተቀመጡ፣ እማዬም ሁሉንም ነገረቻቸው። ሳትጨርስ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። «ምነው እስከ ዛሬ? እኔን ሳትጠይቂ ይህን ሁሉ ወር ብቻሽን ተሸከምሽው?» አሏት። «ለሞት ካሰጋ ቀን አይጠበቅም። ሰማንያው ጤነኛ ለሆነች ነው። ይህችን በተወለደችበት ሰዓት፣ ከደረሰች ቤተ ክርስቲያን፣ ካልደረሰች ባለችበት እናጠምቃታለን። ክርስቲያን ሆና ትሄዳለች፤ ፍትሐት አላት፣ ቦታ አላት።»

እማዬ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ልጮህ ስል ከበሩ በኩል ድምፅ ሰማን።

«ለእኔ ማን ነገረኝ?»

እትዬ ትዋበች እዚያው ቆማ ነበር። ለአባዬ ሳይቀር አውርታው የማታውቀውን ነገር፣ አንሶላውን እንደታቀፈች፣ ቆማ ተናገረችው። እሱ ገና ልጅ ሳለ ቁይ ላይ የወለደችው ልጅ ነበራት፤ ወንድ። በሃያኛው ቀን ታመመባት። አርባው እስኪደርስ ብላ ቀን ስትቆጥር፣ ሰው ሁሉ አብሯት ሲቆጥር፣ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ሞተባት። «ከአጥሩ ሥር ነው ያለው» አለች። «ሰባት ቀን ነበር የቀረው። ሰባት ቀን። ለእኔ ማን ነገረኝ አባ?»

ቄስ ሞገስ ጢማቸውን ለቀቁት። ዕድሜያቸው ከእሷ ያንሳል፤ ተነሥተው ወደ እሷ ሄዱና «ያልነገርንዎት እኛ ነን እትዬ። ጥፋቱ የእኛ ነው። እግዚአብሔር ልጅዎን እኛ ባጠርነው አጥር አይለየውም፤ እኔ ስሙን ይዤ እጸልያለሁ» አሏት። እሷ የሰማች አልመሰለኝም። ፊቷን በእርጥቡ አንሶላ ጠረገችና ወደ እማዬ ዞራ፣ በዚያው በደረቅ ድምፅዋ፣ «ይህችን እኔ ነኝ የማነሣት። የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። ማንም እንዳይቀድመኝ» አለች። ቀጥላ ለአባዬ፦ «አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ጨርቁን አውርደው!»

አባዬ ያን ቀን የሰፋው ስፌት ረጋ ያለ፣ ረጅም ስፌት ነበር። ነጭ ቀሚስና ከውስጥ በለስላሳ ጨርቅ የተደረበ ቆብ ሰፋ። ቆቡን ስንት ጊዜ እንደፈታው አላውቅም፤ የራሷን ልክ የሚነግረው ስለሌለ ጡጫውን ጨብጦ ይለካዋል፣ ይስቃል፣ ይተክዛል። እኔ ሦስት ቀለም ክር ተሰጥቶኝ ማተቧን ገመድኩ። አርፌ ተቀምጬ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ ጧት ጧት ሣሩን አመድ አስመስሎት፣ ገና ሳምንት ሲቀረው፣ በማርያም ዕለት ረፋዱ ላይ ተወለደች። ጾም ስለነበረ ቅዳሴው ከሰዓት ነው፤ ካህናቱ ገና አልቀመሱም። አባዬ ስልክ ሲደውል ቄስ ሞገስ «አምጧት፣ ፍጠኑ» ብቻ ነው ያሉት። እትዬ ትዋበች ልጅቷን በነጭ ጋቢ ጠቅልላ ከአዋላጇ ስትቀበል እማዬ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ፈለገች። «ወዴት?» አለች እትዬ ትዋበች። «አራስ ትወጣለች እንዴ? ምች ይምታሽ? ደግሞስ አትገቢም፣ ደጅ ነው የምትቀሪው!» «ደጅ እቀራለሁ» አለች እማዬ። «ደጁ ድረስ ግን እሄዳለሁ።» ማን ያስቆማታል? ባጃጅ ጠርተን፣ እሷን በሁለት ብርድ ልብስ ጀቡነን፣ አምስት ሰው በአንድ ባጃጅ ተጣበን ማርያም ደጃፍ ደረስን።

የወለደች ሴት ቀኗ ሳይሞላ ግቢውን አትረግጥም። ባጃጁ በሩ ፊት ቆመ፣ ነጂው ኮፍያውን አወለቀ፣ እትዬ ትዋበች ልጅቷን ይዛ፣ አባዬ ከኋላዋ፣ ገቡ። እማዬ እጄን ያዘችኝ። በሕይወቴ ሁሉ «ተቀመጪ» ስትለኝ የኖረችው ሴት «ሩጪ» አለችኝ። «ሩጪና እያየሽ ንገሪኝ። ሁሉንም።»

ሮጥኩ። ከበሩ እስከ ክርስትና ቤቱ መቶ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩት ግን እግሬ ነው የሚያውቀው። ድንጋዬ ላይ ወጥቼ አያለሁ፣ ወርጄ እሮጣለሁ። «አባ ውኃውን እየባረኩት ነው!» ተመልሼ እሄዳለሁ። «እትዬ ትዋበች ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ካደችው! ዲያቆኑ ቀስ በይ እስኪላት ጮኻ ነው የካደችው!» እማዬ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ተመልሼ ድንጋዬ ላይ ስወጣ ቆቧን ያወልቁ ነበር። ያኔ አየሁ። ከቅንድቧ በላይ ራሷ አልነበረም፤ ቀይ፣ ለስላሳ፣ ክፍት ነገር ነበር። ፊቷ ግን የአባዬ ፊት ነው፣ አገጯ ሳይቀር። እግሬ ድንጋዩ ላይ ተተከለ። ቄስ ሞገስ መዳፋቸውን አመቻችተው ያን ክፍት ቦታ ሸፈኑት፣ በመዳፋቸው እንደ ቆብ ይዘው፣ ሦስት ጊዜ ከውኃው አገናኟት፤ «ወለተ ማርያም» አሉ። እሷም አለቀሰች። ጫጩት ከእንቁላል ስትወጣ እንደምታሰማው ያለች፣ ትንሽ፣ አንዴ ብቻ።

ስሟን እንዳልረሳ በየእርምጃዬ እየደገምኩ ሮጥኩ። «ወለተ ማርያም! ወለተ ማርያም ናት!»

«አለቀሰች?» አለች እማዬ።

«አለቀሰች!»

«ጮክ ብላ?»

ፊቷን አየሁት። «ጮክ ብላ» አልኳት። «በጣም ጮክ ብላ!»

ቆረበች። ማተቧን አሠሩላት፣ እኔ የገመድኩትን። ቤት ይዘናት ገባን፤ ሌሊቱን እማዬ ደረት ላይ አደረች፣ በማግስቱ ፀሐዩ ሞቅ ሲል አባዬ ተቀብሏት መስኮቱ ሥር፣ መኪናዋ አጠገብ አቅፏት ተቀመጠ። እዚያው ነው ያረፈችው፣ ወደ አራት ሰዓት ገደማ፤ መቼ እንደሆነ እሱም አላወቀም፣ ቀና ሲል እትዬ ትዋበች ፊቷን አይታ «ሄደች» አለችው። አለቀስን፣ እንዴት እንዳለቀስን አልናገርም። ፍትሐት ተደርጎላት ከግቢው ውስጥ፣ ከአጥሩ ራቅ ብላ፣ ከአያቷ አጠገብ ተቀበረች። እትዬ ትዋበች ቁይ ከተመለሰች በኋላ እስክትሞት ድረስ፣ ገበያ ላይ ሳይቀር፣ ልጅ የታቀፈች አራስ ካየች አስቁማ «ስሚ፣ ካሰጋሽ ቀን እንዳትጠብቂ» ሳትላት አታልፍም ነበር። ሰዎቹ አብዳለች ይሏት ነበር።

ዘንድሮ እኔ ወለድኩ። የምኖረው ባሕር ዳር ቢሆንም ልጄን ክርስትና ያስነሣሁት ማርቆስ፣ እዚያችው ማርያም ነው፤ በሰማንያ ቀኗ፣ ጠብደል ብላ፣ እግሯን እየወረወረች፣ የማን ልጅ መሆኗን እያስመሰከረች። በሰማንያው ቀን እናት ትገባለችና እኔም ገባሁ። ክርስትና ቤቱ ተሞልቷል፤ አባዬ አለ፣ ባለቤቴ አለ፣ ክርስትና የምታነሣልኝ ጓደኛዬ አለች። ዞር ዞር ብዬ ሳይ እማዬ የለችም። የት እንዳለች መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም። ልጄ ተጠምቃ ስሟ ሲጠራ፣ በሠላሳ ዓመቴ፣ በአዲስ ጫማ፣ በሐበሻ ቀሚስ፣ ከመሐል ተነሥቼ ሮጥኩ።

በሩ ውጭ፣ ባጃጁ ቆሞ በነበረበት ቦታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ነበር።

«አለቀሰች?» አለችኝ።

«አለቀሰች።»

«ጮክ ብላ?»

ሳልመልስላት የልጄ ጩኸት ግቢውን አልፎ መጣ፤ ዛፉ ላይ ያሉት ወፎች እስኪነሡ ድረስ ትጮሃለች። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የቆየውን ተናገርኩት። «እማዬ፣ ያኔ ዋሽቼሻለሁ። ጮክ ብላ አልነበረም። አንዴ ብቻ ነው፣ ትንሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ጆሮዬን ጥዬ ስጠብቅ ነበር እኮ፣ ምንም አልመጣም። አንቺ ግን እየሮጥሽ መጣሽልኝ።»

ያኔ ደጅ የቆመችው አትገቢም ተብላ ነው፣ አሁን ግን በሩ ክፍት ነው። እጇን ያዝኩና፣ እሷ እንደ ልማዷ «ቀስ በይ፣ አንቺ ቀዥቃዣ» እያለችኝ፣ አብረን ገባን።